ላቷን ውጭ ያሳደረች በግ

«ከላይ ሰው ያለው ሥራ አስኪያጅ ድርጅቱን ያሳድጋል» የሚል አነጋገር አለ። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር፣ በደብረ ታቦርም ሆነ በሐዋሳ በመሥሪያ ቤት ደጃፍ አልፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳይሰማ የቀረ አይመስለኝም። በሹክሹክታ የሚወራ ሐሜት አይደለም፤ እንደ ምክር የሚሰጥ ነገር ነው። አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሲሾም ሠራተኛው መጀመሪያ «ምን ተምሯል? ምን ሠርቷል?» ብሎ አይጠይቅም። «የማን ሰው ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። መልሱ ከፍ ያለ ስም ከሆነ ሁሉም እፎይ ይላል። የውጭ ምንዛሪ ሊፈቀድ ነው፤ ባንክ ሊያበድር ነው፤ ጉምሩክ ላይ የቆመው ዕቃ በአንድ ስልክ ሊለቀቅ ነው።

ይህን ሁሉ አልክድም። ሲሆን አይቻለሁ። ጠቤ ቀጥሎ ከሚመጣው አባባል ጋር ነው። «እንግዲህ ገንዘቡ ከተገኘ ምርምሩም፣ አዲሱ ዘዴም፣ ፈጠራውም ይከተላል» ይላሉ። አይከተልም። ገንዘቡ ይመጣል፤ ይወጣልም። አዲስ ነገር ግን ውልፍት አይልም። ለምን እንደሆነ ለማሳየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገኝም፤ ደቡብ ጎንደር ይበቃኛል።

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ሲሉ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። በ1850ዎቹ ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አፄ ቴዎድሮስ የአገሪቱን የመጀመሪያ የመድፍ ማቅለጫ ያቆሙት እዚያ ነው። ሠራተኞቹ በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ሌሎችም። ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ። ሞሪትዝ ሆል የሚባል ከፖላንድ የመጣ ሰውና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ተጨመሩላቸው። «አናውቅበትም» ብለው ነበር። ንጉሡ «ሞክሩ» አሏቸው። ሞከሩ፤ ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ወደ ሰባ ኩንታል የሚመዝነው ሴቫስቶፖል ተወለደ። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ያን ሁሉ ብረት በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ መንገዱን እየቆረጡ፣ ወራት ፈጅተው መቅደላ አወጡት።

የቴዎድሮስን ነገር ስናነሣ ሁላችንም ልባችን ይሞቃል፤ የእኔም ይሞቃል። አዲስ አበባ በስማቸው በተሰየመው አደባባይ የቆመውን የሴቫስቶፖል ምስያ ባየሁ ቁጥር ቆም እላለሁ። ነገር ግን ልባችን እንደሞቀ ሒሳቡንም እንየው። የጋፋት ሥራ አዛዡ አንድ ሰው ነበር። ደንበኛውም ያው ሰው፣ ከፋዩም ያው ሰው፣ «ጥሩ ነው፤ መጥፎ ነው» ብሎ የሚፈርደውም ያው ሰው። የደራ ገበሬ «ለማረሻዬ የተሻለ ብረት አቅልጡልኝ» ብሎ አልጠየቀም፤ ቢጠይቅስ ማን ሊሰማው? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ጋፋትም አብሮ ሞተ። ፈረንጆቹ ከናፒየር ጦር ጋር ወጡ። ምድጃው በረደ። አንድ ደቀ መዝሙር አልቀረም፤ አንድ ወርክሾፕ አልቀረም።

እዚያው አጠገብ ግን፣ ከትውልድ ትውልድ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ የአገር ሰው ነበረ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ የጦሩን ጫፍ የሚሠራው እርሱ ነው። ሕዝቡ ያን ሰው ምን ይለዋል? «ቡዳ» ይለዋል፤ «ካይላ» ይለዋል። ማዕድ አይቀርብለትም፤ ልጁን የሚያገባ የለም። እንግዲህ ልብ በሉ። አንዱ ብረት ሠሪ የንጉሥ ሰው ስለሆነ ተሸለመ፤ ሌላው ብረት ሠሪ የማንም ሰው ስላልሆነ ተሰደበ። ሙያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ቅርበት ነው። በኋላ አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ስድቡን ምን ያህል እንደቀነሰው የአገራችን ሰው ያውቃል። ቅርበትን ከሙያ የማስቀደሙን ልማድ ግን የሚከለክል አዋጅ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ጋፋት ሞተ አልሁ እንጂ ስሙ አልሞተም። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችንም ሜቴክ የምንለው፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ሲቋቋም ከሥሩ ከተጠቃለሉት መካከል ጋፋት የተባለ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበረበት። ከእርሱ ጋር የአቃቂው ብረታ ብረት፣ የቢሾፍቱው አውቶሞቲቭ፣ የአዳማው የእርሻ መሣሪያ፣ ሆሚቾ ነበሩ። በላዩ ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው ተቀመጡ።

ሜቴክን የማነሣው የወደቀን ለመርገጥ አይደለም። «ከላይ ሰው ያለው ያሳድጋል» ለሚሉት ሰዎች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ሊቀርብላቸው ስለማይችል ነው። ከዚህ በላይ ከላይ ሰው ያለው ድርጅት ከወዴት ይምጣ? ማዕረጉ አለ፤ የትግሉ ታሪክ አለ፤ የመንግሥት መሪዎች እምነት አለ። የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካልና የብረታ ብረት ሥራ ተሰጠው። የስኳር ፋብሪካዎች ተሰጡት፤ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ተሰጠው። ይህ ሁሉ «የቴክኖሎጂ ሽግግር» ተባለ። የሌላውን ሰው ማሽን ፈትቶ፣ አይቶ፣ መልሶ መሥራት ተባለ። ሐሳቡ በራሱ ነውር የለበትም፤ ጃፓንም ኮሪያም እንዲሁ ጀምረዋል።

ውጤቱን ግን ሁላችንም አየን። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የግድቡ ሥራ ከሜቴክ መነጠቁን ተናገሩ፤ ግድብ አይተው ለማያውቁ ሰዎች ይህን የመሰለ ሥራ መሰጠቱንም አልሸሸጉም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ ኮርፖሬሽኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል አሉ። ጄኔራሉም ተያዙ። የያዩ ውል ተቋረጠ። የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ከተባለለት ጊዜ ዓመታት ዘገየ። የወንጀሉን ነገር ለፍርድ ቤት እተዋለሁ፤ የእኔ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ በቴክኖሎጂ ስም ሲወጣ ቴክኖሎጂው የት ሄደ?

መልሴ ይህ ነው። አዲስ ነገር የሚጀምረው «አላውቅም» ከማለት ነው። በጋፋት እንኳ ፈረንጆቹ «አናውቅበትም» ብለው ነው የጀመሩት። በሜቴክ ውስጥ የነበረ አንድ ወጣት መሐንዲስ ግን፣ ጎበዞች መሐንዲሶች ደግሞ ብዙ ነበሩበት፣ «ተርባይን መሥራት አንችልም፤ ከትንሽ ጀምረን እንማር፤ አምስት ዓመት ስጡን» ቢል ምን ይባላል? ግድቡ የአገር ክብር ነው። አለቃው ጄኔራል ነው። የአለቃው አለቃ ደግሞ «ይቻላል» ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። እዚህ ላይ «አንችልም» ማለት ቴክኒካዊ አስተያየት መሆኑ ይቀርና ክህደት ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም «እንችላለን» አለ። በወረቀት ላይ በመቶኛ ተሠራ። ተርባይኑ ግን መቶኛ አያውቅም፤ ወይ ይዞራል ወይ አይዞርም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ በአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ ሰልፍ ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ያዩ ትዝ ያላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ያ ፋብሪካ በአቅሙ ልክ፣ በሚያውቅበት ሰው እጅ ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ የደራና የፎገራ ገበሬ ከጅቡቲ መርከብ እየጠበቀ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር? ምናልባት ያይ ይሆናል። ግን እድሉ ነበረን።

አሁን ደግሞ ከትልቁ ወደ ትንሹ ልውረድ። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን እንደያዝሁ በአንድ የልማት ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም እንጀራ የሚበሉበት ጓደኞች አሉኝ። የዓመቱን ሪፖርት የማዘጋጀው እኔ ነበርሁ። በበጀቱ ውስጥ «ምርምርና ሥርፀት» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ገንዘቡም የዋዛ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ፣ ከወረዳ አስተዳዳሪነት በቀጥታ የመጡ ሰው፣ «ይህን አድምቀህ ጻፈው» አሉኝ። ማድመቁ ባልከፋ፤ ምኑን እንደማደምቅ ማወቅ ነበረብኝና ሒሳብ ክፍል ወረድሁ። ሒሳብ ያዥዋ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ ይህ ምርምር የተባለው ምኑ ላይ ነው?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ምርምሩማ ገንዘቡን ከየትኛው መዝገብ እንደምናወጣው ነው» አሉና ሣቁ።

መዝገቡን ገለጡልኝ። ለበዓል የታተመ ካናቴራና ኮፍያ። ለዘጠኝ የሥራ ኃላፊዎች የልምድ ልውውጥ ጉዞ። ለአንድ ጥናት የተከፈለ አበል፤ ጥናቱን ግን ማንም አላየውም። የአንድ ፒክአፕ መኪና ጥገና። በዚያው ዓመት ሁለት ቴክኒሻኖች የቦይለሩን ነዳጅ የሚቀንስ ማሻሻያ ለመሞከር ከአንዱ ጉዞ አበል ያነሰ ገንዘብ ጠይቀው «በዕቅድ አልተያዘም» ተብለው ነበር። እኔም ጻፍሁት፤ አደመቅሁት። ሪፖርቱ ሲወጣ ሥራ አስኪያጁ አልነበሩም፤ ወደ አንድ ቢሮ ኃላፊነት ከፍ ብለው ሄደዋል።

እኒህ ሰው ሌባ አልነበሩም፤ ይህን ለእውነቱ መናገር አለብኝ። ለራሳቸው አምስት ሳንቲም የወሰዱ አይመስለኝም። ነገሩ ሌላ ነው። ቴክኒሻኖቹ የጠየቁት ሙከራ ቢሳካ ፍሬው የሚታየው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እርሳቸው እዚያ አይኖሩም። ባይሳካ ደግሞ በዚያው ዓመት ግምገማ ላይ «ድክመት» ተብሎ ይጻፍባቸዋል። ካናቴራው ግን በዕለቱ ይታያል፤ ዞኑም ክልሉም ያየዋል። ለሹመት የመጣና ለሹመት የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ከላይ በሚታይበት በኩል ቢያወጣ ምን ይገርማል? የመሠረት ድንጋይ፣ ሪባን፣ የክብር እንግዳ። ምርምር ሪባን የለውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁሌም ስለ ጉቦ እንተርተዋለን። እኒህ ሰው ምንም ሳይበሉ ተሾሙ፣ ምንም ሳይበሉ ተሻሩ፤ ቦይለሩ ግን ነዳጁን እንደበላ ቀረ።

አንዳንዱ «ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፤ ይህስ አዲስ ነገር አይደለም ወይ?» ይለኛል። መጥቷል። ካይዘን ከጃፓን የመጣ ጥሩ ዘዴ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. በስሙ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። በሚገባ የተጠቀሙበት ፋብሪካዎችም አሉ። ሥሩ ግን የበታቹ ሠራተኛ «እዚህ ጋ ስሕተት አለ» ብሎ ማሽኑን እስከ ማቆም የሚደርስ መብት አለው ከሚል እምነት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ እንደ ዘመቻ ከላይ ወረደ፤ በአንድ ለአምስት ተደራጀ፤ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ማሽን የሚያቆም ሠራተኛ ሳይሆን ሰሌዳ የሚያስውብ ሠራተኛ አፈራን። እንለፈው።

የፓርቲ ኢንዶውመንቶችን ነገርም ባጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ተብሎበታል። የኤፈርት ሊቀ መንበርነት ከስብሐት ነጋ ወደ አዜብ መስፍን ሲሻገር፣ የዳሸን ቢራ ቦርድ በበረከት ስምዖን ሲመራ «እኒህ ሰዎች ስለዚህ ንግድ ምን ያውቃሉ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መልሱ ግልጽ ነበርና። ጥረትን በሚመለከተው ክስ የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ዓ.ም. አቶ በረከትንና አቶ ታደሰ ካሣን በእስራት ሲቀጣም ጋዜጦቻችን የተከራከሩት ስለ ፖለቲካው ነበር። ጥረት ለምርምር ምን አወጣ የሚል አንድ ዓምድ አላነበብሁም።

ይህ የሐበሻ እርግማን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዑፉክ አክጂጊት፣ ሳሎሜ ባስላንዜና ፍራንቼስካ ሎቲ የሚባሉ ሦስት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የጣሊያንን ኩባንያዎች ለብዙ ዓመታት መዝገብ አገላብጠው እ.አ.አ. በ2023 ያሳተሙት ጥናት አለ። በገበያው ቀዳሚ የሆኑት ኩባንያዎች ከሌላው ይበልጥ ፖለቲከኛ ይቀጥራሉ፤ ከሌላው ያነሰ ግን ይፈጥራሉ። ፖለቲከኛ የቀጠረ ኩባንያ በሽያጭና በሠራተኛ ብዛት ያድጋል፤ ምርታማነቱ ግን አብሮ አያድግም። ልብ በሉ፤ «ያድጋል» የሚለው የወዳጆቻችን አባባል ውሸት አይደለም ማለት ነው! ማደጉንስ ያድጋል፤ አይሻሻልም እንጂ። ቻይናም፣ መንግሥትና ድርጅት የተጋቡባት አገር ሆና ሳለች፣ ነገሩ ስለከበዳት እ.አ.አ. በጥቅምት 2013 በሥራ ላይ ያሉም ሆኑ በቅርብ የተሰናበቱ ሹማምንት በኩባንያዎች ውስጥ ወንበር እንዳይዙ ፓርቲው መመሪያ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ የቦርድ አባልነታቸውን የለቀቁት ብዙ ናቸው።

የአገራችን ሰው ይህን ያለ ጥናት አውቆታል። «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች» ይላል። ተረቱን የምንተርተው ስለ ጥጋብ ነው፤ እኔ ግን ስለ ሒሳብ መዝገብ ይመስለኛል። ጌታ ያላት በግ ጅብ አትፈራም። ጅብ የማትፈራ በግ በረቷን አታጠብቅም። ምርምር የሚባለው ነገር ደግሞ የፍርሃት ልጅ ነው፤ ተወዳዳሪ እንዳይቀድመኝ፣ ደንበኛ እንዳይሸሸኝ፣ ዘመን እንዳያልፈኝ ብሎ የሚፈራ ሰው ነው ሌሊት ተነሥቶ ማሽኑን የሚነካካው።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ ሐሙሲት ላይ ወረድሁ። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የደራ ወረዳ ከተማ ናት፤ ገበያዋ በስሟ ይነገራል። ይህ አካባቢ የሩዝ አገር ነው። ሩዙ እንዴት እንደገባ ታሪኩ ያስገርማል። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው በደራ ጅግና፣ በፎገራ ሻጋ በሚባሉ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ አስጀመሩት። ማኅበራቱ የፖለቲካ ልጆች ነበሩ፤ ፖለቲካው ሲወድቅ በአንድ ሌሊት ፈረሱ። ዘሩ ግን አልጠፋም። ገበሬው በየጓሮው ይዞት ቀረ፤ ለጎረቤት አበደረው፤ ከጤፍ ጋር አደባልቆ እንጀራ አድርጎ ቀመሰው፤ ወደደው። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያች ከጅግና ነው። ዛሬ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ የሚያጓራባት ከተማ ናት፤ ፎገራም የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። ማዕከሉ ከመምጣቱ በፊት ግን የመረጠው፣ የሞከረው፣ የከሰረበትና የለመደው ገበሬው ነው።

ሐሙሲት ውስጥ አንድ ብየዳ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ኃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። የስንዴ መውቂያ ማሽን አፍርሰው ለሩዝ እንዲሆን እየቀየሩት ነበር። የስንዴው መውቂያ ሩዙን ይሰባብረዋል፤ የተሰባበረ ሩዝ ዋጋው ይወርዳል። እርሳቸው ፑሊውን ለውጠው ፍጥነቱን ቀነሱ፤ ጥርሱን አራራቁ፤ ወንፊቱን ራሳቸው በሱት።

«ጋሼ፣ ምን ያህል ፈጀብዎ?» አልኋቸው።

«ከዕቁቤ ሁለት ዕጣ ሄዷል። ሦስት ጊዜ አበላሽቻለሁ» አሉኝ፤ ሲናገሩ አላፈሩም።

«ብድር አልጠየቁም?»

«ጠይቄ፣ 'ተደራጅተህ ና' አሉኝ። ከማን ጋር ልደራጅ? ከዚያ በኤግዚቢሽን ጊዜ መጥተው ከማሽኑ ጋር ፎቶ አነሡኝ። የምስክር ወረቀትም ሰጥተውኛል፤ ያውልህ» ብለው በጢስ የጠቆረ ግድግዳ ላይ አሳዩኝ።

«ማሽኑ ጥሩ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

ሰውየው ጥያቄዬ የሕፃን ጥያቄ መሰላቸው። «ወንድምዬ፣ ገበሬው ካልወደደው በሚቀጥለው ሐሙስ አይመጣማ!»

ከዚህ የተሻለ የምርምር ግምገማ በየትኛውም ቦርድ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አላነበብሁም። ይህ ሰው ከሥራ አስኪያጆቻችን የሚለዩት በብልሃት ብቻ አይደለም። ሦስት ጊዜ ማበላሸታቸውን ለማንም ይናገራሉ፤ ገንዘቡ የራሳቸው ስለሆነ አራተኛውን ጊዜ ተጠንቅቀው ይሠራሉ፤ ፈራጁም በየሳምንቱ በእግሩ ይመጣል። የእኛ ትልልቅ ድርጅቶች ሐሙስ የላቸውም። ፈራጃቸው ከላይ ነው፤ እርሱም የሚመጣው ለምረቃ ነው።

«አየር መንገዱስ?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የመንግሥት ነው፤ የቦርድ ሰብሳቢዎቹም ባለሥልጣናት ሆነው ያውቃሉ። እንዴት ሆነ ታዲያ? እ.አ.አ. በ1945 ሲቋቋም ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በውል ገብቶ ሙያውን ከሚያውቅ ሰው እጅ ተማረ፤ አብራሪና መካኒክ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አቆመ። በደርግ ዘመን፣ ርዕዮቱ ሁሉ ወደ ሞስኮ ባዘነበለበት ወቅት፣ ካፒቴን መሐመድ አሕመድ ድርጅቱን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ ደርግ ውድቀት ሲመሩት በ1976 ዓ.ም. ቦይንግ 767 አስገቡ። የሶሻሊስት መንግሥት የአሜሪካን አውሮፕላን ገዛ! ይህ የሆነው ደርግ ፈጠራ ስለሚወድ አይደለም። አየር መንገዱ ሐሙስ ስላለው ነው። ተሳፋሪው ካልወደደው በሌላ አየር መንገድ ይሄዳል፤ በሌላ አገር ሰማይ ላይ የሚበር አውሮፕላን ጥገናው በባዕድ ተቆጣጣሪ ይመረመራል። አውሮፕላን ደግሞ በግምገማ አይበርም። ሹመቱ እዚያም ደጃፍ ድረስ ደርሷል፤ ሞተሩን ግን ሊነካው አልደፈረም። እንግዲህ አየር መንገዱ ክርክሬን አያፈርስም፤ ያጠነክረዋል እንጂ።

የተቀሩት ምን ሆኑ? የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለመንግሥት ድርጅቶች ሲያበድር ኖረ፤ ብዙው ሳይመለስ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባንኩን ለማዳን የ900 ቢሊዮን ብር የዕዳ ሰነድ አጸደቀ። ይህ ገንዘብ የማን ነው? የሐሙሲቱ ሰው ዕቁብም የተቀመጠው በባንክ ነው። አገራችን ለምርምርና ሥርፀት የምታወጣው ደግሞ እ.አ.አ. በ2017 በተመዘገበው አኃዝ ከጠቅላላ ምርቷ 0.27 በመቶ ብቻ ነበር፤ የአፍሪካ ኅብረት አገሮቹ እንዲደርሱበት የተስማሙበት አንድ በመቶ ነው። ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን አስቀምጡና ገንዘብ አጥተን ነው ወይስ ጠያቂ አጥተን ፍረዱ።

በ1984 ዓ.ም. የወጣው የልማት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 25 ድርጅቶች በራሳቸው እግር ይቁሙ፤ ቦርድ ይኑራቸው፤ ከቦርዱ አባላት ከፊሉን ሠራተኛው ይምረጥ ብሎ ነበር። ጥሩ ቃል ነበር። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ተቋቁሞ ትልልቆቹ ድርጅቶች ወደ እርሱ ሲዛወሩ ግን በቦርዱ ላይ በሰብሳቢነት የተቀመጡት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። እሳቸው ተርባይንም ባንክም አያውቁም ልል አይደለም። የምለው ሌላ ነው፤ ከጠቅላይ ሚኒስትር በላይ «ከላይ ያለ ሰው» ከወዴት ይገኛል? በዚያ ጠረጴዛ ላይ «ይህ ሙከራ ከሽፏል» ብሎ የሚናገር ሥራ አስኪያጅ ማን ይሆን?

ሹመኛ ሁሉ ይባረር አልልም፤ መንግሥት ባለ ንብረት እስከሆነ ድረስ ወኪል ማስቀመጡ የግድ ነው። ግን በሥራ ላይ ያለ ሚኒስትር፣ የቢሮ ኃላፊ፣ የፓርቲ ሥራ አስፈጻሚ በቦርድ ሰብሳቢነት አይቀመጥ፤ ቻይና ካደረገችው እኛን ምን ይከለክለናል? ሥራ አስኪያጅ ሲሾም የጊዜ ገደቡ በደብዳቤው ላይ ይጻፍ፤ ያን ሳይጨርስም ወደ ቢሮ አይነሣ። የምርምር ገንዘብ ከልምድ ልውውጥና ከበዓል ወጪ በመዝገብ ይለይ። ከዚያ ገንዘብ ላይ ትንሽ ተቆርሶ እንደ ሐሙሲቱ ሰው ላሉ ባለሙያዎች፣ «ተደራጁ» ሳይባል፣ ማሽኑን አይቶ ብቻ ይሰጥ።

ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች፣ የቀድሞ ባልደረቦቼ ናችሁና፣ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው የዓመት ሪፖርታችሁ ላይ «ሞክረን የከሸፈብን» የሚል አንድ ገጽ ጨምሩ። ከየትኛው ሙከራ ላይ ስንት ብር እንደወጣ፣ ለምን እንዳልሠራ፣ ማን እንደሞከረው ጻፉ። ገጹን የምትሞሉበት ካጣችሁ ባዶውን አትሙትና ከሥሩ የኮፍያውንና የካናቴራውን ሒሳብ አስፍሩልን።